ቁልፉ ቴታ አንገት ላይ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ቁርስ ቤቴ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛዬ በየሳምንቱ ይገዛል። ፍርፍሩን እየበላ ያነባል፣ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል። ሳህኑን ካነሳሁ በኋላ ተራው የእኔ ነው። መንግሥታት በጦርነት ቀጠና ያሉ ሴት ዜጎቻቸውን እንዴት እንደሚታደጉ በቅርቡ ያወጣችሁትንም ያነበብኩት እንዲሁ ነው፣ ወጥ የነካውን ገጽ እየጠረግኩ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ደክማችሁበታል። መርከቡም፣ አውሮፕላኑም፣ የመንግሥታቱ ድርጅት ውሳኔም አለበት። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። መርከቡ ዘንድ እንዴት ይደረሳል? ከአራተኛ ፎቅ፣ በሩ ከተቆለፈ ቤት፣ ያለ ፓስፖርት?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምባችሁም ታገሱኝ።

ሊባኖስ የገባሁት በ1996 ዓ.ም. ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ እኛ ቤት ስድስት ልጆች ነን፣ የመጀመሪያዋ እኔ። ደመወዜ በወር 100 ዶላር ነው ተባልኩ። ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፓስፖርቴን ተቀበለኝና ለቀጣሪዬ፣ ለሚስተር፣ ሰጠው። ለእኔ አልመለሰውም። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ይጠብቁልኛል ብዬ አሰብኩ። አሠራሩ ከፋላ ይባላል። መኖሪያ ፈቃድሽ በቀጣሪሽ ስም የታሰረ ነው። ከቤቱ ከወጣሽ ያለ ወረቀት ነሽ ማለት ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በፈረንጆቹ 1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ብሎ ለይቶ አስቀርቷታል፤ እስከ ዛሬ እንዳስቀረ ነው።

ቤቱ ሺያህ የሚባል ሰፈር ነው፣ ዳሂያ ከሚባለው የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ አጠገብ። ሚስተር፣ ማዳም፣ ሦስት ልጆች፣ የሚስተር እናት። አያትን ቴታ ይሏታል። ቴታ መራመድ አትችልም ነበር። የምታጥባት፣ የምታበላት፣ መድኃኒቷን የምትቆጥርላት እኔ ነኝ።

የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት የተጀመረው ሐምሌ 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አልረሳውም፣ የጾመ ሐዋርያት ፍቺ ነበር። ማዳም ሳታየኝ ለመፍቻ የሚሆን አንድ የዶሮ ክንፍ ፍሪጅ ውስጥ ደብቄ ነበር። አልበላሁትም። በነጋታው የአውሮፕላን ማረፊያው ማኮብኮቢያ ተመታ። ቤቱ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ሚስተር መኪናውን ጫነ። ወደ ተራራው፣ ወደ ዓሌይ ሊሄዱ ነው። ልጆቹ ከኋላ ገቡ፣ ሻንጣው ከላይ ታሰረ። ለቴታ ቦታ አልተገኘም። ለእኔማ ማን ያስባል። «ሁለት ቀን ነው፣ ተመልሰን እንወስዳችኋለን» አሉ። ማዳም የብረቱን በር ቁልፍ ለቴታ ሰጠቻት። እኔ እየሰማሁ «ለእሷ እንዳትሰጪ፣ ትጠፋለች» አለቻት። ቴታ ቁልፉን መቁጠሪያዋ ላይ አሰረችና አንገቷ ላይ አደረገችው።

ሁለት ቀን የተባለው ሃያ አራት ቀን ሆነ።

መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል። ውኃ ስትመጣ ገንዳውን እሞላለሁ። የምንተኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፣ መስኮት ስለሌለው። ለቴታ ፍራሽ አነጠፍኩላት፣ እኔ በሩ ሥር። ላያችን ላይ ሰው አልባው አውሮፕላን ቀንና ሌሊት ይንዛዛል። ሊባኖሶች «ኡም ካሚል» ይሉታል፣ የካሚል እናት እንደ ማለት ነው። እንደምታስቸግር ጎረቤት ስም አውጥተውለታል። ቴታ ወደ ጣራው እያየች ትረግማታለች፤ እኔ እስቃለሁ። በዚያ ሁሉ መሀል ሳቅ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ?

ሁለተኛ ፎቅ የነበረው ቤተሰብ የካናዳ ፓስፖርት ነበረው። መንግሥታቸው መርከብ ላከላቸው። ያኔ አሜሪካና ካናዳ እያንዳንዳቸው ከአሥር ሺህ በላይ ሰው በባሕር አውጥተዋል፣ በቆጵሮስና በቱርክ በኩል። ሴትየዋ ስትሄድ በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋት፣ ልጆቿ ኮፍያ አድርገዋል። ሠራተኛዋ ስሪላንካዊት ነበረች። እሷን ትተዋት ሄዱ። ካናዳዊት አይደለችማ! የቆለፉባት እሷንም ነው። ቤይሩት ውስጥ ከፎቅ ላይ ቅርጫት በገመድ አውርዶ ከሱቅ ዳቦ መግዛት የተለመደ ነው። እኔ ቅርጫቱን ወደ እሷ በረንዳ አወርድ ጀመር። ዳቦና ዛዕተር እልክላታለሁ፣ እሷ ሩዝ ቀቅላ ትመልስልኛለች። በስንት ቀኑ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጠዋት ቅርጫቱን የሚያነሳ ጠፋ። የአገሯን ሴቶች በአውቶቡስ ሰብስበው በሶርያ በኩል እንዳወጧቸው በኋላ ሰማሁ። እሷን ማን እንዳገኛትና በሩን ማን እንደከፈተላት አላውቅም። ካሪታስና ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ያን ጊዜ ብዙ ሴቶች አውጥተዋል፣ ከእኛም አገር ልጆች ጭምር። እኔ ጋ ማንም አልመጣም። እንዴት ይምጣ? እዚያ መኖሬን የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ የምታውቀው «ቤይሩት» የሚለውን ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ የሰፈሩን ስም ሺያህ ነው ብዬ ለመናገር የቻልኩት ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን፣ ፍልሰታ በገባችበት ዕለት፣ አመሻሽ ላይ ሺያህ ተመታ። ከእኛ ሕንፃ ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ። የብዙ ሰው ቤት መቃብሩ ሆነ። የእኛ መስታወት በሙሉ ረገፈ። ጆሮዬ ለደቂቃዎች ምንም አልሰማም። አቧራው ሲቀልል ቴታን አየኋት። መቁጠሪያውን ካንገቷ እያወለቀች ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፉን ከክሩ መፍታት አቃታት። እንዳለ፣ ከነመቁጠሪያው፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ሩሒ ያ ቢንቲ» አለችኝ። ሂጂ ልጄ።

ብቻዬን እንዴት ልሂድ? በነጠላ አዝዬ አወረድኳት፣ እኛ አገር ልጅ እንደሚታዘለው። አራት ፎቅ፣ በጨለማ፣ መስታወት ላይ። የድሮውን የሰይዳ መንገድ ተሻግረን አይን ሩማኔ ገባን፤ ያኛው ወገን የክርስቲያን ሰፈር ነው፣ አይመታም ይባል ነበር። አንዲት ሴት በሯን ከፍታ አስገባችን። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 8፣ ተኩስ ቆመ። ቤተሰቡ ተመለሰ። ሚስተር የእናቱን እግር ስሞ አለቀሰ። ማዳም ደግሞ የበሩ ቁልፍ እኔ ጋ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ፓስፖርቴ ያን ሁሉ ጊዜ መኝታ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ፣ እንደተቆለፈበት ነበር። ሁሉም ቀጣሪ እንዲህ ነው አልልም። ሠራተኛቸውን ይዘው ተራራ ወጥተው አንድ ፍራሽ የተካፈሉም አሉ፣ በስም አውቃቸዋለሁ።

አሁን አሥራ ስምንት ዓመት ልዝለል።

የእህቴ ልጅ ሊባኖስ የገባችው በ2011 ዓ.ም. በደላላ ነው። አትሂጂ ብያታለሁ። «አንቺ ሄደሽ ቁርስ ቤት ከፍተሽ የለ?» አለችኝ፣ ምን ልመልስ። በደቡብ፣ ነበቲያ በሚባል ከተማ ትሠራ ነበር። መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም. እስራኤል ደቡቡንና የበቃ ሸለቆን ስትደበድብ በአንድ ቀን ብቻ ከ490 በላይ ሰው ሞተ። ልጅቷ በኢሞ ደወለች። ከጀርባዋ የሚሰማውን ድምፅ አወቅሁት። አንዳንድ ድምፅ ጆሮ አይረሳውም።

ቀጣሪዎቿ በሁለት መኪና ወጡ፣ እሷንም ይዘዋት ነበር። ሰይዳ መግቢያ ላይ ሲደርሱ «ዘመድ ቤት ነው የምንገባው፣ ላንቺ ቦታ የለም» ብለው አወረዷት። 50 ዶላር ሰጧት። የአምስት ወር ደመወዝ ነበራት እነሱ ላይ። የዚያን ቀን ወደ ቤይሩት የሚወስደው መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ስለነበር በሌላ ቀን ሰዓት ተኩል የማይፈጀውን ሌሊቱን ሙሉ ነው የተጓዘችው፣ በአትክልት መኪና ላይ፣ ከሶርያውያን ቤተሰቦች ጋር። ሲነጋ ቤይሩት ገባች። ለተፈናቃይ የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመች። ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው ተባለች። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ተፈናቅሎ ነበር፤ ወደ 900 የሚጠጉት መጠለያዎች አብዛኞቹ ሞልተዋል ብሎ የመንግሥታቱ ድርጅት ተናግሯል። ሊባኖስ ውስጥ ወደ 170,000 የሚሆኑ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ከሁሉም የሚበዙት የእኛው ልጆች።

ራምለት አል ባይዳ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በእኔ ጊዜ እሑድ እሑድ ማዳም ልጆቹን ይዤ እንድሄድ ትልከኝ ነበር። ልጅቷ እዚያ አሸዋ ላይ ተኛች።

እኛ ዶርዜዎች ነን። መስቀል ለእኛ ምን እንደሆነ ለሽሮ ሜዳ ሰው አይነገረውም። መስከረም 17 አመሻሽ ላይ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ስልኬ ጮኸ። የሂዝቦላህ መሪ ሐሰን ነስረላህ የተገደለበት ድብደባ ነበር፣ ዳሂያ ላይ። «አክስቴ፣ አሸዋው ከሥሬ ተንቀሳቀሰ» አለችኝ። እሱ አልበቃ ብሎ ማታ ላይ አንድ ካርታ ላከችልኝ። የሳተላይት ፎቶ ነው፣ ሕንፃዎች ላይ ቀይ ተቀብቷል፣ ላዩ ላይ በአረብኛ ተጽፏል። የእስራኤል ጦር «ከእነዚህ ሕንፃዎች ራቁ» እያለ በኢንተርኔት የሚለቀው ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። እሷ ማንበብ አትችልም። እኔም አልችልም። እኛ የምናውቀው የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ሥጋውን አውጪ፣ ወለሉን አጥቢ፣ ቶሎ በይ። ፊደሉን ማን አስተምሮን።

ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ አንድ ኡስታዝ ይኖራሉ፣ ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ። እንግዶቹን ጥዬ፣ ስልኩን ይዤ በሩጫ ሄድኩ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «ለይለኪ ይላል» አሉኝ። «ባሕር ዳር የሚል ነገር የለውም። ከለይለኪ ትራቅ በያት።» ነገርኳት። ለይለኪ የት እንደሆነ ግን አታውቅም። እኔ አውቀዋለሁ፣ የቴታ ሐኪም ቤት እዚያ ነበር። እንግዲህ አስቡት። ቤይሩት ላይ ቦምብ ሊወርድ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን የሚያነቡት ሽሮ ሜዳ ያሉ ኡስታዝ ናቸው፣ መንገዱን የምትመራት ፍርፍር የምትሸጥ አክስቷ ናት። ይህ ሁሉ የሆነው የኢሞ ኔትወርክ ስላልተቋረጠ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር በነበረችባቸው ቀናት አንድ መኪና እየተመላለሰ «ብቻሽን ነሽ? ቤት አለኝ» ይላት ነበር። ለሴት ጦርነት ከሰማይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ጎን ተጠግታ ማደር ጀመረች። በመጨረሻ የሰበሰበቻት ዳውራ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ናት። ከቀጣሪ ውጪ፣ «ፍሪ» የምትሠራ። በአንዲት ክፍሏ አሥራ አንድ ሴቶች አስጠግታለች። ስሟን እንኳን በቅጡ አላውቅም። ጋዜጣችሁ የዓመቱን ሰው የሚመርጥ ከሆነ እሷን ምረጡልኝ።

አሁን ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። የመንግሥታቱ ድርጅት የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325ን ጠቅሳችኋል። እኔም ለተመላሾች በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ ስለሱ ሰምቻለሁ፤ ምሳም ነበረው። ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. የጸደቀ ነው፣ ሴቶች በጦርነት ጊዜ እንዲጠበቁና በሰላም ንግግርም እንዲሳተፉ ይላል። ግሩም ነው። ይሁንና መንግሥታት ዕቅድ ሲያወጡ የሚያስቧት ሴት የዚያው አገር ሴት ናት። ባሏ የዘመተባት፣ ቤቷ የፈረሰባት። እሷም ይገባታል። የሰው ቤት ልትጠርግ ሄዳ የሰው ጦርነት የደረሰባትን ግን ማን ነው የሚቆጥራት? ለአስተናጋጁ አገር ዜጋ አይደለችም። ለአገሯ ደግሞ ከዓይን የራቀች ናት።

በአገራችን ውስጥ በቅርብ ዓመታት በሴቶች ላይ የደረሰውን ሳልጠቅስ ማለፌ ረስቼው አይደለም። እሱን የደረሰባት ብትጽፈው ይሻላል። ስትጽፍላችሁም እባካችሁ አታሳጥሩባት።

መንግሥት ምን ማድረግ ነበረበት ለሚለው፣ ብዙ ሰው «መከልከል ነው» ይላል። ደንበኞቼም እንዲሁ ይሉኛል። ተከልክሎ ያውቃል እኮ። ከ1998ቱ ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ታገደ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገራት መሄድ በጠቅላላው ቆመ፣ እስከ 2010 ድረስ። ሴቶቹ ቀሩ? አልቀሩም። በሱዳን ዞሩ፣ በቱሪስት ቪዛ ገቡ። የተከለከለች ሴት ትደበቃለች። የተደበቀች ሴት መዝገብ ላይ የለችም። መዝገብ ላይ የሌለችን ሴት ደግሞ አውሮፕላን ብትልክላትም አታገኛትም። የእህቴ ልጅ ያጋጠማት ይኸው ነው። ለመውጣት ብትፈልግ እንኳን ፓስፖርቷ ቀጣሪዎቿ ጋ ነው፤ ስለዚህ ሊሴ ፓሴ፣ የፓስፖርት ምትክ የጉዞ ወረቀት፣ ማውጣት አለባት። መኖሪያ ፈቃዷ አልፏል፤ ስለዚህ ቅጣት አለባት። ከዚያም የሊባኖስ የደህንነት መሥሪያ ቤት መውጫ ካልፈቀደላት አትወጣም። በዚያ ሰሞን ከቤይሩት የሚበረው የራሳቸው አየር መንገድ ብቻ ነበር። ቦምብ እየወረደ ይህን ሁሉ ወረፋ ተሰለፊ።

ፊሊፒኖችን ልጥቀስ። የእነሱ ሴቶችም ይደበደባሉ፣ ይቆለፍባቸዋል፣ ደመወዝ ይከለከላሉ፤ ገነት ናቸው አላልኩም። ነገር ግን አንዲት ፊሊፒናዊት ከአገሯ ስትወጣ ለአንድ ኮንትራት 25 ዶላር የሚከፈል መዋጮ አለ፣ ገንዘቡ እንደነዚህ ላሉ ችግሮች ይውላል። አገሮችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ያስቀምጣሉ። 3 ከሆነ መውጣት ለፈለገ መንግሥት ያወጣዋል፣ 4 ከሆነ ግዴታ ነው። ለሊባኖስ 3ን ያወጁት ትልቁ ድብደባ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው። የእህቴ ልጅ ነበቲያ ውስጥ በሰንበት የምታገኛት ፊሊፒናዊት ጓደኛ ነበረቻት። ስልኳ ላይ ከኤምባሲዋ መልእክት ይመጣላታል፣ በራሷ ቋንቋ። በክረምቱ አገሯ ገባች። የእኛዋ ሻንጣ ስትሸክፍላት ነው የዋለችው።

የእኛ መንግሥት አይችልም ብዬም አላምንም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው አምጥቷል። ቦሌ ሄጄ ነበር፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር ውኃና ዳቦ ይዘን። አንዲት ልጅ አንድ እግሯ ላይ የወንድ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ ስትወርድ አይቻለሁ። አየር መንገዱ አለ፣ ጉልበቱም አለ። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ሳዑዲዎች ራሳቸው ሰብስበው አንድ ቦታ አስቀምጠውልናል። ጦርነት ግን ሰው አይሰበስብልህም፤ ይበትንብሃል። የት የት እንዳሉ ቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። መዝገቡ ይከፈት፤ ዛሬ፣ ሰላም እያለ። «በምን ገባሽ? ማን ላከሽ?» ሳይባል። ስሟን፣ ከተማዋን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን የሚይዝ መዝገብ። ሌሊት የሚነሳ ስልክ ይኑረው፣ የምታነሳውም አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም የምትችል ሴት ትሁን። እንደዚያ ያለ ካርታ ሲለቀቅ ተርጉሞ ወዲያው የሚልክ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ኡስታዙን ሁሌ አላስቸግራቸውም። ማሳረፊያው ደግሞ ፓስፖርቱ ነው። ከየትኛውም አገር ጋር የሥራ ስምምነት ሲፈረም አንድ መስመር ይጨመር፤ ቀጣሪው ከጦርነት ሲሸሽ ሠራተኛዋን ይዞ ይሽሽ፣ አልያም ፓስፖርቷን እጇ ላይ አስቀምጦ ይሂድ። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ሊባኖሶች ራሳቸው በ2012 መጨረሻ፣ የቤይሩት ወደብ ከፈነዳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሠራተኛ ፓስፖርቷን እንድትይዝና ከቀጣሪዋ እንድትለቅ የሚፈቅድ አዲስ ኮንትራት አውጥተው ነበር። የአስቀጣሪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰና ጥቅምት 2013 ላይ ፍርድ ቤት አገደው። አንድ መሳቢያ ለመክፈት ይህን ያህል ትግል አለ። እንግዲያው የእኛም ሰዎች ፊርማ ሲፈርሙ ጠበቅ ይበሉ።

ተኩሱ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ቆመ። ልጅቷ አልተመለሰችም። ዕዳ አለባት፣ የአምስት ወሩም ደመወዝ እንደቀረ ቀረ። አሁን አሽራፊያ ሌላ ቤት ገብታለች። ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ጤናዋ አይደለም። «ፓስፖርትሽ የት ነው?» እላታለሁ። ትስቃለች። ከዚያ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ ከታች ያለውን ፋርማሲ ስም አስደግማታለሁ። የዱቤ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ይህን አንዷ ጎረቤቴ አየችብኝና የልጇን አስጻፈችኝ። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አሁን ገጹ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሬያለሁ፣ አሥራ አራት ሴቶች። አንዳንዷ እናት ልጇን ስልክ ላይ አቅርባ ፊት ለፊቴ ታስነግርልኛለች፣ እኔም በማውቃት ቤይሩት እያመሳሰልኩ እጽፋለሁ፤ ይህ ከሃምራ በላይ ነው፣ ያ ከወንዙ ማዶ ነው። ሦስቱ ግን ስልክ አይፈቀድላቸውም መሰለኝ፣ ከደወሉ ቆይተዋል። ከስማቸው ትይዩ እስካሁን የጻፍኩት «ቤይሩት» ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከሊባኖስ ተመላሽ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
(ስሜ እንዳይወጣ አደራ)